የሳተና ቸል ያለ

«ቀኑ ደርሶ ነው» የምትለው አባባል ስንት ለቅሶ ቤት ገብታ የስንቱን እንባ እንዳበሰች እግዜር ይወቀው። ሐዘንተኛን ታጽናናለች፤ ቂም ታበርዳለች፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ታስማማለች። እኔም አልጠላትም። ዳሩ ግን ይህች ደግ አባባል ሳታስበው የምትሠራው አንድ ሌላ ሥራ አለ፤ ጥያቄ ትዘጋለች። በሽተኛው ሆስፒታል የደረሰው በስንት ሰዓት ነው? ሐኪም ያየውስ በስንት ሰዓት ነው? በመካከሉ ያለውን ጊዜ ማን በላው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከሬሳው ጋር አብረው ተገንዘው ይቀበራሉ።

በከተማ ደግሞ ሌላ አባባል አለች፤ «ገደሉት» ትባላለች። ዘመድ ከሆስፒታል በር ላይ ቆሞ እየጮኸ የሚናገራት ናት። «ትናንት በእግሩ የገባ ሰው ዛሬ በሣጥን ወጣ፤ ገደሉት!» ሁለቱ አባባሎች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ የለም ትላለች፤ ሁለተኛዋ ጥፋተኛው ታወቀ ትላለች። ሁለቱም የሆነውን ነገር ከሥሩ መመርመር አይሹም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ነው። በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰው በሕክምና ጉድለት ሲሞት ጥፋቱ የማን ነው? ጥፋተኛውስ ምን ይገባዋል?

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን «ስሕተት» የሚመጣው «ሳተ» ከሚለው ነው። ተኳሽ ዒላማ ይስታል፤ መንገደኛ መንገድ ይስታል። እንግዲህ የሳተ ሰው ቢያንስ ያለመ ሰው ነው። ዒላማ ነበረው፤ ጥይቱ ግን ሌላ ቦታ ወደቀ። «ቸልተኝነት» ደግሞ «ቸል አለ» ከሚለው የመጣ ነው። ቸል ያለ ሰው አላለመም። ዒላማው ፊቱ ቆሞ ሳለ ፊቱን አዙሯል። ቋንቋችን ይህን ልዩነት ሳያስተምረን አልቀረም፤ እኛ ግን በሐዘንና በቁጣ ጊዜ ሁለቱን እንደባልቃቸዋለን።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ሐኪሙ ይመረምረዋል፤ የልብ ምቱን ያዳምጣል፤ ይጠይቀዋል፤ ምልክቱ ግራ ያጋባዋልና «ጨጓራ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ይመልሰዋል። ሰውየው ሌሊቱን በልብ ሕመም ይሞታል። ይህ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ የተካነ ሐኪምም ይስተዋል። በሌላው አልጋ ደግሞ አንዲት በሽተኛ ተኝታለች። የደም ግፊቷ በየሰዓቱ እንዲለካ ታዟል። ተረኛው ግን መለኪያውን ሳያነሣ የቀድሞውን ቁጥር እየገለበጠ ይጽፋል። በወረቀቱ ላይ ሴትዮዋ ደህና ናት፤ በአልጋው ላይ እየሞተች ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ዒላማ አልተሳተም፤ ዒላማ አልነበረም።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 አንድ ባለሙያ በሙያው ሥራ የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበት፣ በሳይንስና በሙያው ሥርዐት ሲመዘን ግዴታውን ፈጽሞ አለማወቁን የሚያሳይ ጥንቃቄ ማጣት ወይም ቸልተኝነት ከተገኘበት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። መዳንን ግን ሐኪሙ እንዲዋስ አይጠይቀውም። የሚጠበቅበት ትጋት ነው፤ ፈውስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ ሐኪምንና ሹፌርን በአንድ መስመር ላይ በምሳሌነት አስቀምጧቸዋል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። አንቀጽ 537 ደግሞ ከባድ ችግር ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም የሚለውን ባለሙያ ይቀጣል። እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አንችልም። ችግራችን የሕግ እጦት አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛው ችግር የምንመዝነው በውጤቱ መሆኑ ነው። ሁለት ነርሶች እንውሰድ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት የመድኃኒቱን ብልቃጥ ስም ሳያነቡ መርፌ ወጉ። የአንደኛዋ እጅ የያዘው እንደ አጋጣሚ ትክክለኛው መድኃኒት ነበር፤ በሽተኛዋ ድና ወጣች፤ እናቷ ነርሷን መረቀቻት። የሁለተኛዋ እጅ የያዘው ሌላ ነበር፤ በሽተኛው ሞተ፤ ነርሷ ታሰረች። ሁለቱ የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ ዕድል ብቻ ነው። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ጥያቄ አንሥተው «የግብረ ገብ ዕድል» የሚል ስም ሰጡት። ሰውን በእጁ ባልነበረ ነገር መመስገን ወይም መኰነን ይገባዋልን?

እኔ ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው እፈታለሁ ብዬ አልመካም። አንድ ነገር ግን ከእሱ ይወጣል። ጥፋቱ ያለው ብልቃጡን ሳያነቡ በመውጋት ላይ ከሆነ፣ ሰው ያልሞተበትም ሌሊት መመርመር አለበት። እኛ ግን ሆስፒታል የምንጠይቀው ሬሳ ሲወጣ ብቻ ነው። ሬሳ ባልወጣባቸው ሌሊቶች ያው ቸልተኝነት እየተመረቀ ይኖራል።

ሌላው ችግር ሰዓቱ የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ወደ ሞላሌ ልውሰዳችሁ።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ገብስና በግ የበዛበት፣ ብርዱ ባና የሚያስደርብ አገር ነው። ሜዳው ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስላል፤ ግን ገደሉ ድንገት ይከፈታል፤ አንዱን መንደር ከአንዱ መንደር የሚለየው ወንዝና ሸለቆ ነው። ከእነዚያ መንደሮች በአንዱ አንዲት ሴት ሌሊት ወልዳ ደሟ አልቆም ቢል፣ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይመክራል፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠራል፤ ቃሬዛ ይዘጋጃል፤ በተራ ይሸከሟታል። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ መሐል ሜዳ ወይም በመዘዞና በጣርማ በር አድርጋ ወደ ደብረ ብርሃን ትላካለች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም ያለ ሕክምና በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ሁለት ሰዓት ለአዲስ አበባ ሰው ከቦሌ ፒያሳ ደርሶ መመለሻ ነው። ለዚያች ሴት ግን ቃሬዛው ገና ዳገቱን እየወጣ ነው።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ሦስት መዘግየት ብለው ከፋፈሉት። የመጀመሪያው ለመሄድ በመወሰን ላይ ያለው መዘግየት ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ ላይ ያለው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሕክምና ቤት ከደረሱ በኋላ ያለው። ሦስቱም እኩል ይገድላሉ። እኔ ግን በግብረ ገብ ሚዛን ሦስተኛው ከሁለቱ ይለይብኛል። ገደሉን ማንም አልሠራውም። በእናትየዋ ቤት የነበረው ማመንታት ከድህነትና ከፍርሃት የመጣ ነው። ሦስተኛው መዘግየት ግን የሰው እጅ ነው። ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ የሚመጣ በመሆኑም እዳው ይከብዳል። ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡትን ሰው በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያስጠብቀው፣ የሚባክነው የበሽተኛው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የተሸካሚዎቹም ላብ ነው።

ይህን የምለው በሐሳብ ብቻ አይደለም። ከዚያው አገር የመጡ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ የሥጋ ዘመዴ ሆዳቸው ድንገት ቆርጧቸው ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተብለው መጡ። ስሙን አልጠራውም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ንጹሕ ይመስላሉ። ገና ከበሩ «ካርድ አውጡ» ተባልን። ካርድ ክፍሉ ተሰልፎ ነበር። ካርዱ ሲወጣ «ክፈሉና ተመለሱ» ተባልን። ከፍለን ስንመለስ የነበረው ተረኛ ሥራ አስረክቦ ሄዷል፤ የተተካው ወጣት ደግሞ ወረቀቱን አገላብጦ «ከየት ነው የመጡት? ማን ላካቸው? ለምን ሳይደወል?» ይላል። ጋሼ በባናቸው እንደተጠቀለሉ ወንበር ላይ ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ ከመንዝ ነው የመጣሁት፤ አትቆጣ፤ ሲመችህ ታየኛለህ» አሉት። ሲመቸው አያቸው። የፈነዳ አንጀት ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ መሽቶ ነበር፤ ጋሼም አላደሩም። ለቅሶው ላይ ሁሉም «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ያ ወጣት ሐኪም ክፉ ሰው እንዳልነበር ግን መመስከር አለብኝ። ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት የተነሣ ቀልቶ ነበር፤ ከበስተኋላው ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የተኙ በሽተኞች ነበሩ።

የሪፈር ወረቀት የሚሉት ነገር ብቻውን አንድ የግብረ ገብ ጥናት ይወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ተጽፎበት ማኅተም ይመታበታል። የላከው ሰው እጁን ታጠበ። የተቀበለው ሰው ደግሞ ያላወቀው፣ ያልተዘጋጀበት ነገር ድንገት ተሰጠው። ወረቀቱ በሽተኛውን ሳይሆን ኀላፊነቱን ነው ያሻገረው። በመንገድ ላይ ያለው ሰው የማን በሽተኛ ነው? የማንም አይደለም። ሰው የማንም ሳይሆን በሚቆይባት በዚያች ጊዜ ነው አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው። አንድ የስልክ ጥሪ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ልኬአለሁ፤ ይህን መድኃኒት በዚህ ሰዓት ወስዷል» የሚል ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ያችን ክፍተት ሊደፍን ይችላል። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም።

አንባቢ «ባለሙያው ራሱስ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይገባል። የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊስትነት ትምህርት ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍል ለረጅም ዘመን በሌሎች ክፍሎች ተረኞች ሲሠራበት ኖሯል። በግንቦት 2011ም ሆነ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ድምፃቸውን ያሰሙት ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ነበር። መንዝን ደግሞ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሞላሌ ድረስ ዘልቆ አይቶታል፤ በዚያ ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። መለኪያው ተዘርፎ የደም ግፊት ያልለካ ነርስና መለኪያው ከአጠገቡ ሳለ ያልለካ ነርስ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

በእንግሊዝ አገር የሆነውን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በሌስተር ከተማ ሆስፒታል አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በደም መመረዝ ሞተ። ሕመሙ በጊዜ አልታወቀም ነበር። ያየችው ሐኪም ዶክተር ሀዲዛ ባዋ-ጋርባ ከረጅም የወሊድ ፈቃድ ገና መመለሷ ነበር፤ ያልነበሩ ባልደረቦቿን ሥራ ደርባ ትሠራ ነበር፤ የበላይዋ ሐኪም በጠዋቱ ሌላ ከተማ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ የደም ምርመራው ውጤት ዘግይቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤት በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላት፤ በጥር 2018 ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀች፤ በነሐሴ 2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ መዝገቡ እንድትመለስ ወሰነ። የአገሪቱ ሐኪሞች በሺዎች ሆነው «ነገ እኛም ነን» አሉ። የልጁ እናት ግን ልጇ አልተመለሰላትም። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁለቱም ወገን እቆማለሁ። ሐኪሟ ያመለጣት ምልክት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ያመለጣት ግን አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችል ሸክም በተጫነባት ቀን ነው፤ ይህም እውነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ጥፋቱ የግለሰብ ሳይሆን የአሠራሩ ነው» ማለት ተለምዷል። እውነት አለው። ነገር ግን በእኛ አገር «አሠራሩ ነው» የሚለው ቃል ቶሎ ብሎ አዲስ «ቀኑ ደርሶ ነው» ሊሆን ይችላል። ባንክ ቤት ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል የምናኰርፈው በማን ላይ ነው? በማንም ላይ። ሲስተም ፊት የለውም፤ አይከሰስም፤ አያፍርም። ስለዚህ አሠራር ጥፋተኛ ነው ካልን፣ አሠራሩን ያወጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በሽተኛ ካርድ ሳያወጣ እንዳይታይ ያዘዘው ማን ነው? ኦክስጅን ማለቁን እያወቀ ሳያስሞላ የቀረው ማን ነው? ለአንድ ነርስ የሦስት ነርስ ሥራ የመደበውስ? ቸል ማለት አልጋ አጠገብ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ በፊርማም ይሠራል። እንዲያውም የፊርማው ቸልተኝነት ደም ስለማይነካው ለኅሊና ይቀላል።

አባቶቻችን በደለኛው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም ነበር። ሥራው ይፈታል፤ ከብቱ ይጮኻል፤ ግን ጥያቄው አይተውም። ይህ ሥርዐት ጉድለት ነበረበት፤ የሚፈልገው አንድ ስም ብቻ ነበርና። መልካምነቱ ግን አንድ ሰው የተበደለ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ «እንዴት ሆነ?» እንዲል ማስገደዱ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 የእናቶችን ሞት የመከታተያና ምላሽ የመስጫ ሥርዐት በጤና ተቋማት ስትጀምር፣ ሳታውቀው የአፈርሳታን ግማሽ መልሳ አመጣችው። አንዲት እናት ስትሞት ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ፤ ከቤቷ ጀምሮ እስከ ሞተችበት አልጋ ድረስ ያለውን ይከተላሉ። ልዩነቱ ስም አለመፈለጋቸው ነው፤ መመሪያው ወቀሳ የለም የሚል ነው። የሚፈለገው ጥፋተኛ ሳይሆን ቀዳዳው ነው።

ቀዳዳ መፈለግ ፍሬ እንዳለው ምስክር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት በስምንት ከተሞች ተፈትኖ ነበር፤ ከእነዚህ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት። መጠይቁ አንድ ገጽ ነው። የበሽተኛው ስም ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው? መድኃኒት የማይስማማው አለ? በዚህች ወረቀት ምክንያት የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። ሐኪሞቹ በአንድ ሌሊት ደግ ወይም ዐዋቂ አልሆኑም። ጮክ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የተጨመረው።

እንግዲያስ ቅጣት ይቅር ማለቴ ነው? አይደለም። ሦስት ሰዎችን እለያለሁ። የሳተ አለ፤ ቸል ያለ አለ፤ የደበቀ አለ። ለሳተው የሚገባው ትምህርትና ይቅርታ ነው፤ እሱን ማሰር ነገ ሌላው ሐኪም ከባድ በሽተኛ እንዳይነካ ያስፈራራዋል። ለቸል ያለው የሚገባው ቅጣት ነው፤ የሕይወትን አደራ ተቀብሎ ፊቱን አዙሯልና። የደበቀው ግን ከሁለቱም ይከፋል። ካርዱን የሰረዘ፣ ሰዓቱን የለወጠ፣ ለቤተሰቡ «ልቡ ነው የቆመው» ብሎ የሸኘ ሰው አንድ ሰው ብቻ አልበደለም። ነገ በዚያው አልጋ ላይ በዚያው ምክንያት የሚሞተውንም ሰው አስቀድሞ በድሎታል።

ለፌዴራል የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 መጨረሻ የቀረቡት አቤቱታዎች 60 እንደነበሩ፣ ከእነዚህም 39ኙ የሞት ጉዳይ እንደነበሩ ተጽፏል። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ 60። ይህን ቁጥር የሕክምናችን ጥራት ምስክር አድርጎ የሚያይ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የዝምታችን ልክ አድርጌ ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ ዘገባ በዚያ አገር ሆስፒታሎች ብቻ በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው በሕክምና ስሕተት እንደሚሞት ገምቶ ነበር። አሜሪካ ከእኛ ይልቅ ስለምትሳሳት አይደለም፤ ቁጭ ብላ ስለቆጠረች ነው።

በአማራ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ዕርቅ ሲፈልግ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ከሟች ቤተሰብ ደጅ ይወድቃል። ድንጋዩ «ጥፋቴን ተሸክሜ መጥቻለሁ» ማለት ነው። ያላመነ ሰው ግን ድንጋይ አይሸከምም፤ ስለዚህም ይቅር ሊባል አይችልም። ቤተሰቡ ሊምረው ቢፈልግ እንኳ የሚምረው ነገር የለውም። ከሆስፒታሎቻችን ደጅ የጠፋው ይህ ይመስለኛል። ሐኪሙ ወጥቶ «እንዲህ ሆነ፤ ይህ የኛ ጉድለት ነው፤ እንዳይደገም ይህን አድርገናል» ቢል፣ ከምናስበው በላይ ብዙ ሰው ይሰማዋል። የሚሰማው ግን እውነት የተናገረውን ሰው ከዋሸው የባሰ የማይቀጣ አስተዳደር ከኋላው ሲኖር ነው። ዛሬ ዝም ያለ ያተርፋል፤ የተናዘዘ ይከስራል። ይህ ሚዛን እስኪገለበጥ ድረስ ቸልተኝነትን በሕግ ብንከለክለውም በዝምታ እያበላነው እንኖራለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ሐኪም ይህን ለበሽተኛው ዘወትር ይነግረዋል፤ ለሆስፒታሉም የሚነግርለት ሰው ያስፈልጋል።